ኦርጅናል፣ ተተኪ ወይስ ፎርጅድ? የካሜራ ቅያሪ ባትሪ እንዴት ይመረጣል

የገና ማለዳ ነው፤ ላሊበላ። ቤተ ማርያም ዙሪያ ሰው ከሰው ተደራርቧል። ካህናቱ ገሚሱ ከላይ አለቱ ጫፍ ላይ፣ ገሚሱ ከታች ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሊሉ ነው። እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ቦታ ይዤ ቆሜያለሁ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ካሜራዬ ውስጥ ያለው ባትሪ አዲስ ነው። ከሳምንት በፊት "ኦርጅናል" ተብሎ፣ የኦርጅናል ዋጋ ከፍዬ የገዛሁት ነው። ምልክቱ ሙሉ ያሳያል።

ዜማው ተጀመረ። አሥር፣ አሥራ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ምልክቱ ከሙሉ ተነስቶ በቀጥታ ቀይ ላይ ወደቀ። ወዲያው ካሜራው ጭልም አለ።

አጠገቤ የቆመ አንድ የወልድያ ልጅ ዓይቶኛል። "ካኖን ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ከጋቢው ስር ባትሪ አውጥቶ ሰጠኝ። ሞቅ ያለ ነው። ላዩ ላይ ካኖን የሚል ነገር የለም። ሰምቼው የማላውቀው የቻይና ስም ነው የተጻፈበት። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ሠራሁበት።

ከዚያ ቀን በፊት ቅያሪ ባትሪ ልገዛ ስል ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ "ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ?" አሁን ሱቅ ስገባ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄ ባትሪ ስለራሱ እውነቱን ነው የሚናገረው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሄን ማጣሪያ መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ የባትሪውን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንብቡ

ካሜራውን አጥፉ። የታችኛዋን ክዳን ክፈቱና ባትሪውን አውጡ። ላዩ ላይ ያለውን ስም በስልክ ፎቶ አንሱት። ደሴ ፒያሳም ሆነ አዲስ አበባ መርካቶ፣ "የካኖን ባትሪ ስጠኝ" ብላችሁ አትግቡ። ካኖን ብቻውን ስንት ዓይነት ባትሪ አለው።

እኛ አካባቢ በብዛት የማያቸውን ልንገራችሁ። 2000ዲ እና 4000ዲ የያዘ ሰው የሚፈልገው ኤልፒ-ኢ10 ነው። 700ዲ ከሆነ ኤልፒ-ኢ8። 800ዲ እና 200ዲ ኤልፒ-ኢ17 ይወስዳሉ። 6ዲ፣ 80ዲ እና የ5ዲ ዘር ከማርክ 2 ጀምሮ የኤልፒ-ኢ6 ቤተሰብ ነው። ኒከን ዲ3200 እና ዲ5300 ኢኤን-ኢኤል14 ሲሆኑ፣ ዲ750 እና ዲ7200 ኢኤን-ኢኤል15 ናቸው። ሶኒ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤ7 ማርክ 2 የሚወስደው ትንሹን ኤንፒ-ኤፍደብሊው50 ነው፤ ኤ7 ማርክ 3 ደግሞ ትልቁን ኤንፒ-ኤፍዜድ100። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ትርጉም አላት። ኤልፒ-ኢ6 የሚይዘው 1800 ሚሊ አምፕ ሰዓት ነው፤ ይሄ የባትሪ የመያዝ አቅም መለኪያ ነው። "ኤን" ሲጨመርበት 1865፣ "ኤንኤች" ሲሆን 2130 ይሆናል። ሦስቱም 80ዲ ውስጥ ይገባሉ። የኒከን ዜድ6 ያለው ሰው ደግሞ ባትሪው ካሜራው ውስጥ እያለ በዩኤስቢ መሙላት ከፈለገ ኢኤን-ኢኤል15ቢ ወይም 15ሲ መያዝ አለበት። የድሮው 15 ካሜራውን ያሠራዋል እንጂ በዚያ መንገድ አይሞላም። አዲሱ ካኖን አር5 ማርክ 2 ከኤልፒ-ኢ6ፒ ጋር ነው የወጣው። በቀድሞው ኤንኤች ይሠራል፤ አንዳንድ ነገሩ ግን ይቀርበታል። እንዲህ ዓይነት ውድ ካሜራ የገዛ ሰው ባትሪ ላይ ባይቆጥብ ይሻለዋል።

ደረጃ 2፦ ስንት ባትሪ እንደሚያስፈልጋችሁ ቁጠሩ

ይሄ አጭር ነው። መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች (ሚረርለስ የምንላቸው) ባትሪ ይበላሉ። አንድ ዓይነት ኤልፒ-ኢ6ኤን ባትሪ 5ዲ ማርክ 4 ውስጥ ሲገባ 900 ፎቶ ያህል ያነሳል ይላል አምራቹ። ያው ባትሪ ኢኦስ አር ውስጥ ሲገባ 370 ነው። ባትሪው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ካሜራው ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለሁሉም አምራች አንድ በሆነ መለኪያ የተወሰዱ ናቸው። ሥራ ላይ እንደ አያያዛችሁ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል።

እኔ ለሙሉ ቀን ሠርግ ሦስት እይዛለሁ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስወጣ አራት። አምባው ላይ ሶኬት ፍለጋ መንከራተት የለም። ለልጅ ልደትና ለሽርሽር የሚያነሳ ሰው ካሜራው ውስጥ ካለው ሌላ አንድ ይበቃዋል።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን ለዩ

ሰው ሁሉ ባትሪን ለሁለት ይከፍላል፤ ኦርጅናልና ኮፒ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው።

ኦርጅናል የሚባለው ካሜራውን የሠራው ድርጅት በስሙ የሚሸጠው ነው።

ሁለተኛውን ተተኪ ልበለው። ሌላ ድርጅት የሠራውና የራሱን ስም የለጠፈበት ነው። ኒዌር፣ ስሞልሪግ፣ ኪንግማ የሚሉ ታያላችሁ። እነዚህ "እኔ ካኖን ነኝ" አይሉም። "ለካኖን እሆናለሁ" ነው የሚሉት። መጥፎ ሥራ ቢሠሩ የሚጠፋው የራሳቸው ስም ነው።

ሦስተኛው ፎርጅድ ነው። ያለፈቃድ ካኖን፣ ኒከን ወይም ሶኒ የሚል የተለጠፈበት። ይሄኛው የሚያጣው ስም የለውም። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያገለገለ ወይም የወደቀ ሴል (ኃይሉን የሚይዘው ክፍል) ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ዋጋው ነው፤ ከተተኪው ይበልጣል። ላሊበላ ላይ የከዳኝ ይሄ ነው።

ልዩነቱ የት እንደሚመጣ ለመረዳት የባትሪውን ሆድ ማወቅ ጥሩ ነው። እነዚህ ባትሪዎች አብዛኞቹ ሁለት የሊቲየም ሴል በተከታታይ የተያያዘባቸው ናቸው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 7.2 አካባቢ። አጠገባቸው ትንሽ ሰርኪት አለች። ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ ከልክ በታች እንዳይወርድ፣ ሾርት ሲያደርግ እንዲቋረጥ የምታደርገው እሷ ናት። ሙቀት የምትለካ ትንሽ ነገርም አለች። ላዩ ላይ ከፕላስና ከማይነስ ሌላ ተጨማሪ ብረቶች የምታዩት ለዚህ ነው። አንዱ ሙቀቱን ለቻርጀሩ ይናገራል፤ ሌላው ከካሜራው ጋር ያወራል። ርካሽ ሠሪ መጀመሪያ የሚቆጥበው እነዚህ ላይ ነው። ከውጭ ስለማይታዩ።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን በስልካችሁ አባዙት

ባትሪው ላይ ሦስት ቁጥር ይኖራል፤ ቮልት፣ ሚሊ አምፕ ሰዓት እና ዋት ሰዓት። ሁለቱን አባዙና ለ1000 አካፍሉ። ሦስተኛው መውጣት አለበት። ኤልፒ-ኢ10ን እንውሰድ። 7.4 ቮልት፣ 860 ሚሊ አምፕ ሰዓት። ስታባዙና ስታካፍሉ 6.4 ዋት ሰዓት ይመጣል። ኦርጅናሉ ላይ የተጻፈውም 6.4 ነው።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ያየሁት ባትሪ 7.4 ቮልት፣ 2800 ሚሊ አምፕ ሰዓት፣ 14 ዋት ሰዓት ይላል። አባዛሁት፤ 20.7 ወጣ። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ መገመት አይከብድም። ትልቁ ቁጥር ለገዢ ዓይን ነው የተጻፈው።

እንግዲህ በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ምን ያህል ይገባል? ኤልፒ-ኢ6 ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። 1800 ነበር። ኤንኤች የመጣው በ2020 ነው፤ 2130። ካኖን ያህል ድርጅት 330 ለመጨመር 12 ዓመት ፈጀበት። የማይታወቅ ካርቶን "3000" ብሎ ሲመጣ ሳቁና መልሱት። ከኦርጅናሉ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይታመናል። አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን አይታመንም። እንዲያውም ከኦርጅናሉ ትንሽ ያነሰ ቁጥር የጻፈ ተተኪ ሳይ ደስ ይለኛል። ዝቅ አድርጎ የጻፈ ሰው የሚዋሽበት ምክንያት የለውም።

ይሄ ማጣሪያ ግን ተተኪ ላይ ነው የሚሠራው። ፎርጅድ የኦርጅናሉን ጽሑፍ እንዳለ ስለሚገለብጥ ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ለእሱ ሚዛን ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ወርቅ ቤት ግቡ

ቀልድ አይደለም። ከላሊበላ ተመልሼ ደሴ ስገባ ሁለቱን ባትሪ ይዤ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። አንዱ ከካሜራው ጋር በካርቶን የመጣው ነው፤ አንዱ የከዳኝ። ሽማግሌው ብር አሽተው ሲጠርጉ ነበር።

"ምን ልታመጣ ነው ልጄ?"

"ባትሪ ላስመዝን ነው አባባ።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ወላሂ ዘመኑ ተበላሽቷል" አሉና ሚዛኑን ጠረጉልኝ።

ኦርጅናሉ 79 ግራም ሆነ። ፎርጅዱ 61። ጎን ለጎን ስታዩዋቸው መንትያ ናቸው። ጽሑፉ አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ሽማግሌው ሁለቱንም በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና "ይሄኛው ጾመኛ ነው" አሉኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። በባትሪ ውስጥ ከባዱ ነገር ሴሉ ነው። ክብደት ከጎደለ ሴል ጎድሏል። የኤልፒ-ኢ6 ቤተሰብ 80 ግራም አካባቢ ነው፤ ኤልፒ-ኢ10 45 ግራም አካባቢ። አንድ ሁለት ግራም ልዩነት ምንም አይደለም። አሥር ግራም ከጎደለ ግን አትከራከሩ። ወርቅ ቤት መግባት ካሳፈራችሁ የቅመም መሸጫ ዲጂታል ሚዛንም ይሠራል።

ሚዛን በሌለበት ዓይን ይቀራል። የላስቲኩ መጋጠሚያ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱት፤ የሚይዝ ጠርዝ ካለ ጥሩ አይደለም። ጽሑፉን በአውራ ጣት እሹት። የተደበዘዘ ወይም ፊደል የተሳሳተበት ከሆነ ተዉት። ኒከን ኦርጅናል ባትሪው ላይ ስታዘነብሉት ቀለሙን የሚለዋውጥ ሆሎግራም ይለጥፋል። ይሄም ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ቸኮሌት ወረቀት ከማብለጭለጭ አያልፍም። ብረቶቹን ተመልከቱ። አዲስ የተባለ ባትሪ ብረቱ ላይ የመፋቅ መስመር ካለው ሌላ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ካሜራው ውስጥ ክተቱት

ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪው ሳይገፋና ሳይላላ መግባት አለበት። መያዣዋን ስትለቁ በራሱ ብቅ ማለት አለበት። ጠበብ ካለ "እየቆየ ይላላል" የሚለውን አትስሙ። ሲሞቅ ትንሽ ያብጥና እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል።

ከዚያ ሜኑ ውስጥ ግቡ። 6ዲ፣ 80ዲ እና 5ዲ የመሳሰሉት ላይ የባትሪ መረጃ የሚል ገጽ አለ። የቀረውን በመቶኛ፣ ከተሞላ በኋላ ስንት ፎቶ እንደተነሳበት፣ ባትሪው ምን ያህል ጤነኛ እንደሆነ በሦስት ትናንሽ ካሬዎች ያሳያል። ሦስቱም አረንጓዴ ከሆኑ ጤነኛ ነው። አንድ ቀይ ብቻ ከሆነ አርጅቷል። ኒከን ዲ750 እና ዲ7200 ላይ ደግሞ የባትሪ ዕድሜ ከ0 እስከ 4 ይታያል። 0 አዲስ ነው፤ 4 መሞቻው ነው። "አዲስ" የተባለ ባትሪ 2 ካለ ነገሩ ገብቷችኋል።

ካሜራው ከባትሪው ጋር መነጋገር ካልቻለ "በዚህ ባትሪ ልቀጥል?" የሚል ጥያቄ ያመጣል። ተተኪ ላይ ይሄ ሊያጋጥም ይችላል። እሺ ብላችሁ ከቀጠላችሁ ይሠራል፤ የቀረውን መጠን ግን በትክክል ላያሳይ ይችላል። ለሽርሽር ችግር የለውም። ለሠርግ ግን በጭፍን እንደመንዳት ነው። "ኦርጅናል" የተባለ ባትሪ ላይ ይሄ ጥያቄ ከመጣ መልሱን ካሜራው ሰጥቷችኋል። ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኤልፒ-ኢ17 ላይ አንድ ጉዳይ አለ። ባትሪው ውስጥ ቺፕ አለ። አንዳንድ ተተኪ ካሜራው ውስጥ ይሠራና የካኖን ቻርጀር ግን አልሞላም ይለዋል። ስለዚህ ቻርጀሩንም ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰኩት። የኤልፒ-ኢ6 ቻርጀር ብልጭታው ይናገራል። አንድ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ ከግማሽ በታች ነው። ሁለት ሁለት ከሆነ ግማሹን አልፏል። ሦስት ሦስት ከሆነ ሦስት አራተኛውን አልፏል። አረንጓዴ ሲሆን ሞላ። ይሄን ሳይከተል ቶሎ ቶሎ ካርገበገበ ባትሪውን አልተቀበለውም።

ሶፍትዌር ማደስ ላይም ተጠንቀቁ። ከዓመታት በፊት ኒከን ዲ3200 እና ዲ5200 ሲታደሱ ደህና ይሠሩ የነበሩ ተተኪ ባትሪዎች በአንድ ጊዜ አልሠራም ብለዋል። በተተኪ የምትሠሩ ከሆነ ሠርግ ሳምንት ላይ ካሜራ አታድሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ባለሱቁን አንድ ነገር ጠይቁት። "ሞክሬ ካልሆነ እመልሳለሁ፤ ስንት ቀን ትሰጠኛለህ?" ወሎ ውስጥ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "አብሽር!" አብሽር መባል ደስ ይላል፤ ልብ ያሞቃል። ግን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ቀኑን አስጽፉ።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ ፈትኑት

ይሄን ደረጃ የዘለለ ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ በከንቱ ነው የደከመው። ባትሪ የሚታወቀው ሲሠራ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሙሉ አድርጋችሁ ሞልታችሁ ተጠቀሙበት። በሦስተኛው ፈትኑት። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሌንሱን ወደሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ወደ መንገዱ አዙሩ። ቪዲዮ አስጀምሩና ሰዓት ያዙ። ብዙ የቆዩ ካሜራዎች በ29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ራሳቸው ያቆማሉ፤ ወዲያው መልሳችሁ አስጀምሩ። እስኪጠፋ ድረስ ቀጥሉ። በዚሁ ካሜራ፣ በዚሁ ክፍል፣ በኦርጅናሉም ድገሙት።

የእኔ ውጤት ይሄ ነበር። ኦርጅናሉ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ቆየ። የወልድያው ልጅ ከሰጠኝ ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ተተኪ 1 ሰዓት ከ19። ፎርጅዱ 34 ደቂቃ።

ከደቂቃው እኩል የሚጠቅመው አወራረዱ ነው። በየአሥር ደቂቃው መቶኛውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ጥሩ ባትሪ እንደ ደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ቀስ እያለ ይወርዳል። መጥፎው 80፣ 75፣ 70 ሲል ቆይቶ በድንገት 5 ላይ ይገኛል። ቀስ ብሎ የሚወርድ ደካማ ባትሪ መቼ እንደምትቀይሩት ያሳውቃችኋል። በድንገት የሚወድቅ ባትሪ ሙሽራዋ ቀለበት ስታጠልቅ ነው የሚጠፋው።

ሲጠፋ አውጥታችሁ በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቅ ማለት ያለ ነው። የሚያቃጥል ከሆነ መልሱት። ስትሞሉትም እንደዚሁ።

አንድ ፈተና ይቀራል። ሙሉ አድርጋችሁ መሳቢያ ውስጥ ለአሥር ቀን ተዉት። ስታዩት ጥቂት ቢቀንስ ግድ የለም። ሩቡን ካጣ ውስጡ እያፈሰሰ ነው።

ብርዱን አትርሱት

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የአዲስ አበባ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ስለሆነ። ደሴና ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ በሙቀት ስታነሱ የማይሰማው ድክመት ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ይወጣል።

ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው በውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ይዘገያል። ካሜራው ኃይል ሲጠይቀው ቮልቱ ዝቅ ይላል። ካሜራው ደግሞ ቮልቱን አይቶ "አለቀ" ይላል። ኃይሉ ግን አላለቀም፤ አልወጣም እንጂ። ለዚህ ነው በብርድ የጠፋ ባትሪ ብብት ስር ሲሞቅ ነፍስ የሚዘራው። ያረጀ ወይም ርካሽ ሴል ይሄ ችግር ይብስበታል። የእኔው ፎርጅድ ቤት ውስጥ 34 ደቂቃ ሲሠራ ላሊበላ ላይ አሥራ አንድ ፎቶ ያልቻለው ለዚህ ነው። የወልድያው ልጅ ባትሪውን ጋቢ ስር የያዘው በዘልማድ አይደለም፤ ያውቃል።

ስለዚህ ቅያሪዎቹ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ገላችሁ አጠገብ ይሁኑ። ኪሱ ውስጥ ሳንቲምና ቁልፍ አይኑር። ብረት ለብረት ከተገናኘ ባትሪው ሾርት ያደርጋል፤ ሱሪም ያቃጥላል። ክዳን ከሌለው ብረቱ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት። በጣም የበረደ ባትሪ ደግሞ ወዲያው ቻርጅ ላይ አይሰካም። ቡና እስኪፈላ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

ቻርጀርና መብራት

መልካም ባትሪ በመጥፎ ቻርጀር ይሞታል። ከሁለት ተተኪ ባትሪ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ባለ ሁለት ቀዳዳ የዩኤስቢ ቻርጀር ምቹ ነው። እኔም አለኝ። ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሲሞላ አረንጓዴ ሆኖ መቆም አለበት። ሞልቶም የሚሞቅ ከሆነ ቻርጀሩን ጣሉት፤ ባትሪውን አድኑ።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ ከፍና ዝቅ ይላል። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ሌሊት አልጋ አጠገብ ወይም ምንጣፍ ላይ አትሙሉ።

ለግሸንና ለደላንታ ገጠር ፓወር ባንክ ያዙ። የ20000 ፓወር ባንክ በወረቀት ላይ 74 ዋት ሰዓት ነው። ሲሞላ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳን አንድ ኤልፒ-ኢ6ኤን ሦስት ጊዜ መሙላት አይከብደውም። ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ቅያሪ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ ወደ ታች በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ የካሜራ ባትሪ አያሠጋችሁም።

ስንቱ ኦርጅናል፣ ስንቱ ተተኪ ይሁን?

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። አንድ ኦርጅናል በምትገዙበት ሁለት ሦስት ተተኪ ታገኛላችሁ፤ እኔ እስካሁን ያየሁት እንደዚያ ነው። ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። ዋጋውን ለፈተናችሁት ደቂቃ አካፍሉ። የእኔ ተተኪ በኦርጅናሉ ሲሶ ዋጋ ከ100 ወደ 86 የሚሆነውን ጊዜ ሰጥቶኛል። አያከራክርም። በሁለተኛው ዓመት ግን ተተኪዎቼ ቀድመው ይደክማሉ፤ ኦርጅናሉ ገና ነው። ይሄንንም ሒሳቡ ውስጥ አስገቡ።

በዚህ የሚተዳደር ሰው አንድ ወይም ሁለት የተረጋገጠ ኦርጅናል ይያዝ፤ ከካሜራው ጋር የመጣውን አንድ ብሎ ይቁጠር። ሌላው ተተኪ ይሁን። ለትርፍ ጊዜው የሚያነሳ ሰው ከካሜራው ጋር በመጣው ላይ አንድ ጥሩ ተተኪ ይጨምር፤ ይበቃዋል። ያገለገለ ካሜራ የገዛ ሰው አብሮ የመጣውን ባትሪ "ኦርጅናል" ብሎ ከመመካቱ በፊት ወርቅ ቤት ይሂድ።

ኦርጅናል ማግኘት አልቻልኩም፣ ያገኘሁትም ያጠራጥረኛል ካላችሁ ወደ ተተኪው ዙሩ። ስሙን የማይደብቀው ይሻላል።

የገዛችሁትን ቁጥር ስጡት

በማርከር ባትሪው ላይ ቁጥርና የገዛችሁበትን ወር ጻፉ። የእኔዎቹ 1፣ 2፣ 3 ይባላሉ። 1 ኦርጅናሉ ነው። ለቀለበትና ለቤዛ ኩሉ የሚገባው እሱ ነው። መንገድ ላይ ለሚሆነው፣ ለጭፈራው፣ ለግብዣው 2 እና 3 ይሠራሉ። ወር በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ሁሉንም አሠራቸዋለሁ። ለወራት የማትጠቀሙበትን ባትሪ ሙሉ አድርጋችሁ ወይም ባዶ አድርጋችሁ አታስቀምጡ። ግማሽ አካባቢ ሆኖ፣ ከካሜራው ወጥቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ደሴ ይሄ ችግር የለም፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ያበጠ ባትሪ ካያችሁ በቃ። አትሙሉት፣ አትውጉት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት፣ ልጆች እንዳያገኙት አድርጉ። ካሜራው ውስጥ ከተቀረቀረ በቢላ አትጎርጉሩት። ጠጋኝ ጋ ውሰዱት።

ፎርጅዱንም ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፤ 0። ብረቱን በፕላስተር ሸፍኜ ለማሳያ አስቀምጬዋለሁ። አዲስ የሚጀምሩ ልጆች ሲመጡ ከ1 ጋር በሁለት እጃቸው አስይዤ "የቱ ነው ጾመኛው?" እላቸዋለሁ።

ለወልድያው ልጅ ባትሪውን የመለስኩለት የዚያኑ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ነው። ስንት እንደገዛው ጠየቅኩት። ነገረኝ። እኔ ለ0 ከከፈልኩት ግማሹን አይሞላም።